የውጭ ተማሪ ማለት ማን ነው?

በጎተራ ማሳለጫ በኩል በእግሩ የሚመላለስ ሰው ምሰሶና አጥር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳይፈልግም ያነባል። የሚከራይ ቤት፣ አስጠኚ፣ ሞግዚት፣ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም… ከእነዚህ መሃል ዝናብ ቢያጥበው ቶሎ የሚተካ አንድ ወረቀት አለ፤ «ውጭ አገር መማር ይፈልጋሉ?» ይላል። ከጥያቄው ሥር የአገር ስም ይደረደራል፤ ቻይና፣ ቱርክ፣ ሕንድ፣ ፖላንድ፣ ሰሜን ቆጵሮስ፣ ካናዳ። ከዚያ ስልክ ቁጥር፤ በቃ። «ምን መማር ይፈልጋሉ?» የሚል ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሐኪም ልሁን፣ መሐንዲስ ልሁን፣ ታሪክ ላጥና… ይሄ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው። መጀመሪያ መውጣት!

ይህን የምለው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ማየት ይበቃል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ምናምኑ በአንድ ቀን «አላለፋችሁም» ሲባሉ፣ አቅም ያለው ወላጅ ዓይኑን ወደዚያ ወረቀት ቢያነሳ ምን ይገርማል? አቅም የሌለውም ቢሆን መኪናውን ይሸጣል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ዘመድ ያስቸግራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዶላር ለሚከፍል ወላጅ የልጁ የትምህርት ዋጋ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ግን ምሰሶው ላይ እንዳለ ነው።

ወረቀቱን ከለጠፉት መሃል ሥራቸውን በሐቅ የሚሠሩ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉም አሉ። «ሃምሳ በመቶ ስኮላርሺፕ» የሚባለው አንዳንዴ ማንም ሙሉውን ከፍሎት ከማያውቅ ዋጋ ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው። ደግሞም የመቀበያ ደብዳቤ ቪዛ አይደለም፤ ቪዛውም ቢሆን ትምህርት አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል፤ ይበል፣ መባልም አለበት። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ውጭ ትምህርት ባወራን ቁጥር በሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ይመስለናል። ልጆቻችን ይወጣሉ፤ አለቀ። ወደ እኛ የሚመጣውስ ተማሪ? ማነው? የት ያድራል? ምን ይበላል? ሲመለስስ ስለ እኛ ምን ይዞ ይሄዳል?

እስቲ በአንድ ዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ «እዚህ የውጭ ተማሪ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠየቀው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ነጭ ፊት ነው። አማርኛ ለመማር ስድስት ወር የመጣች አንዲት ኖርዌያዊት ብትኖር እሷ የውጭ ተማሪ ናት። «ጤና ይስጥልኝ» ስላለች ይጨበጨብላታል፣ ቡና ትጠራለች፣ ለጥምቀት ጥበብ ይለበስላታል። ደግ ነው፤ እንግዳ አክባሪነታችንን አልጠላም። ከእሷ ጎን የተቀመጠው ደቡብ ሱዳናዊ ልጅ ግን ከእሷ ይልቅ አማርኛ አቀላጥፎ እየተናገረ፣ አራት ዓመት ሙሉ እየተማረ፣ በፈተናም እየበለጠ፣ «የውጭ ተማሪ» የሚለው ማዕረግ አይደርሰውም። እሱ «ስደተኛ» ነው። ሶማሊያዊውም፣ ኤርትራዊውም እንደዚያው። ቡና የሚጠራው የለም። ዓለም አቀፍ ለመባል ከባሕር ማዶ መምጣት ግድ ነው ያለው ማነው?

ነገሩን በቁጥር ብናየው ግን አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ያሉባት አገር ናት። ከእነዚህ መሃል ትምህርታቸውን ለገፉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በር ከተከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እንዲማሩ ተደርጓል፤ ወጪውን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተካፍለውታል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ በሚደገፈው ዳፊ በሚባለው ስኮላርሺፕም የተማሩ ብዙ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅም ስለ ትምህርት ይናገራል። እንግዲህ የውጭ ተማሪ ተቀብለናል ማለት ነው። ያልተቀበልነው ስሙን ነው።

«ስም ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ስም ብዙ ያደርጋል። ስደተኛ ካላችሁት የምትሰጡት ዕርዳታ ነው፤ ተማሪ ካላችሁት ደግሞ ትማሩበታላችሁ። ስደተኛ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ መታወቂያው ይታያል። ተማሪ ግን ይጠየቃል፤ አገርህ እንዴት ነው? እዚያ ይሄ ነገር ምን ይባላል? ዳኛ እንዴት ይሾማል? በአንድ አዳራሽ አራት ዓመት አብሮ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ናይል ሲማር፣ ከናይል ዳር የመጣውን ልጅ አንዴም ሳይጠይቅ የተመረቀ ስንት አለ!

ደግሞ ተማሪ መቀበል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳይታሰብ አገራችን ተማሪ ከቦታ ቦታ የሚዞርባት አገር ነበረች። ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ የሚሻ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከትውልድ መንደሩ የስንት ቀን መንገድ ርቆ ይሄዳል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም፣ የማያውቀው ሰው ጓሮ ውሻ ያባርረዋል፤ የማያውቃት እናት ደግሞ ቁራሽ ትሰጠዋለች። በእስልምናውም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው። ወሎ ዳና ድረስ ኪታብ ፍለጋ የሚመጣውን ደረሳ የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነበር። ገበሬው ራሱ ፊደል አይቆጥር ይሆናል። ነገር ግን የእሱ ጎመንና ቂጣ ባይኖር ኖሮ ቅኔውም ኪታቡም አይኖርም ነበር። የትምህርት ቤቱ በጀት እሱ ነው! ይሄ ልማድ ፍጹም ነበር አልልም፤ በረሃብና በቸነፈር ያለቀው ተማሪ ቁጥር የለውም። ግን አንድ ነገር የታወቀ ነበር፤ ትምህርት ያለበት አገር ማለት ከሩቅ ለመጣ ተማሪ የሚያበላ ሰው ያለበት አገር ማለት ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ገና አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1950 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ አገሮች አክራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ስኮላርሺፕ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ካዛንቺስ ዳር ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ገና አልተመረቀም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊመሠረት አምስት ዓመት ይቀራል። ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች ግን አዲስ አበባ ላይ ከእኛ ልጆች ጋር መኝታ ቤት ተጋሩ። ከእነሱ አንዱ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ነበር። በ1954 ዓ.ም. እዚህ ተመርቆ ሄደ። በኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ተገድሎ እስኪገኝም ድረስ በዚያ ሥልጣን ላይ ነበር።

ስኮላርሺፑ ሲሰጥ የታሰበው ለኢትዮጵያ ክብር ነበር፤ «ታላቅ እህታችሁ ታስተምራችሁ» ዓይነት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የጻፉት የታሪክ ሰዎች፣ ራንዲ ባልስቪክም ባሕሩ ዘውዴም፣ የእነዚህ እንግዶች መምጣት የእኛን ተማሪዎች ካነቃቁት ነገሮች አንዱ እንደነበር ይመሰክራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ልጅ «ቅኝ ያልተገዛን ነን» እያለ ደረቱን ነፍቶ ያደገ ነው። ከቅኝ ግዛት የመጣው ልጅ ደግሞ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ማኅበር፣ ስለ ጋዜጣ ሲናገር አይፈራም። «እናንተስ መሬቱ የማነው? መንግሥትን መተቸት ይቻላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለሳል? መልስ የጠፋበት ተማሪ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ሲደረግ ተማሪው ደግፎ ሰልፍ ወጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ «መሬት ለአራሹ» አለ። ይህን ሁሉ እንግዶቹ አመጡት ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን አስተማሪ ነኝ ብሎ የተቀበለው ሰው የበለጠ እንደተማረ አያጠራጥርም።

የመላክ ታሪካችንም ቢሆን የሚነግረን አለ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እነ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ እነ ተክለ ሐዋርያት ወደ አውሮፓ ተላኩ። በተፈሪ መኰንን ዘመን ቁጥሩ ጨመረ። መላኩ በያን አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1927 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቀ፤ ጣሊያን በወረረን ጊዜም ተመልሶ ለአገሩ ሠራ። ከተመለሱት ግን ስንቱ ነው በፋሺስት እጅ ያለቀው! ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተማረ የተባለ እየተለቀመ ተገደለ። እንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከሟቾቹ መሃል ናቸው። ገበሬ ምንም ቢርበው የዘሩን እህል አይነካም። ያኔ ያለቀው የዘር እህሉ ነው። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተላከ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ግን መሄድ እንጂ መመለስ ብርቅ ሆነ። መመለስ ሞት የነበረበት ጊዜ ስለነበር ማን ይፈረድበታል?

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር ግን አለ። በ1970 እና በ1971 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡና ሌሎችም ልጆች በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኩባ ሄዱ፤ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው። ኩባ ያኔም ሀብታም አልነበረችም፤ ማዕቀብ ያለባት፣ ስኳር ሸጣ የምታድር ደሴት ናት። ከኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከሌላውም እየሰበሰበች አስተማረች። እዚያ ያደጉትን ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ብታገኟቸው፣ እርስ በርሳቸው በስፓኒሽ ሲቀላለዱ ብትሰሙ፣ ስለ መንግሥቱ ፖለቲካ ቀርቶ ስላበላቻቸው ሴትዮና ስላስተማራቸው መምህር ነው የሚያነሱት። «ድሃ አገር እንግዳ ተማሪ መቀበል አይችልም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ቻይናም ብትሆን ይሄ ገብቷታል። ከጎተራ ወደ ወሎ ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ስሙን አንብቡት፤ የኢትዮ-ቻይና የወዳጅነት ጎዳና ይላል። ማሳለጫውን የሠራች አገር በየዓመቱ ልጆቻችንን በስኮላርሺፕ ትወስዳለች፤ ቋንቋዋንም እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮንፊሽየስ ተቋም ታስተምራለች። ሞኝ መሆኗ አይደለም። ዛሬ ቤጂንግ መኝታ ቤት የሰጠችው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ውል የሚፈርም ሰው መሆኑን ታውቃለች። እኛ ደግሞ ያ ልጅ በራችን ላይ ቆሞ መታወቂያውን እንፈትሻለን። ደቡብ ሱዳን ጁባ ላይ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እዚህ በስደት ያደጉ፣ እዚህ የተማሩ። ያን አማርኛ የት፣ ከማን፣ በምን ዓይነት ፊት እንደተማሩት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለ እኛ የሚናገሩትም በእሱ ልክ ነው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ምን እያደረጉ ነው? ይፈራረማሉ። የመግባቢያ ስምምነት የሚባል ነገር አለ። እንግዳ ይመጣል፣ ሁለት ባንዲራ ይቀመጣል፣ እስክሪብቶ ይለዋወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ማታ ዜና ላይ ይወጣል። የተማሪ ልውውጥ፣ የመምህራን ልውውጥ፣ የጋራ ጥናት… ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ አለ። «ልውውጥ» ማለት ግን ሰጥቶ መቀበል አልነበረም እንዴ? የእኛ መምህር ይሄዳል፤ ከዚያ የሚመጣው ሴሚናር ሰጥቶ በሳምንቱ ይመለሳል። ይሄ መለዋወጥ ሳይሆን መሸኘት ነው።

የሚያሳዝነው የምንሰጠው ነገር ሞልቶ ሳለ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ አለ። የብራናው ባለቤት እኛ፤ ሊቃውንቱ እኛ ጋ። ነገር ግን በግዕዝ ጽሑፍ ላይ ዶክትሬት ሊሠሩ ጀርመን ሐምቡርግ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ስሙ የተሰየመው በሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ በ1644 ዓ.ም. ጎታ በምትባል ከተማ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው ከማን ነው? ከአባ ጎርጎርዮስ፤ ከመካነ ሥላሴው ሰው። ፈረንጅ ከኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተማረና ትምህርት ቤት ሠራበት፤ እኛ ደግሞ ወደዚያ ትምህርት ቤት ለመግባት ቪዛ እንሰለፋለን። የሐምቡርግን ትጋት አመሰግናለሁ። ቅር የሚለኝ ለጀርመኑም፣ ለኬንያዊውም፣ ለጃፓኑም «ግዕዝ ፈልገህ ነው? ና፣ መኝታህ ይኸው፣ መምህርህ እኚህ ናቸው» የሚል ቦታ ከሁሉ በፊት እዚህ አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።» የእኛ ልጆች መማሪያ፣ መኝታ፣ ዳቦ እያጠራቸው ስለ ውጭ ተማሪ ይወራል ወይ? ተቃውሞው ልክ ነው፤ እንዲያውም ከዚህም ይከፋል። ምክንያቱም በዚህች አገር ዛሬ የውጭ ተማሪ የሆነው የራሷ ልጅ ነው። ከጎንደር ወደ ወለጋ፣ ከወለጋ ወደ ወልድያ የተመደበው ልጅ ማለቴ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ማን ይረሳል? ወላጆቻቸው የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው የት ያልሄዱት፣ የማንን ደጅ ያልጠኑት አለ? በዚያው ዓመት በየግቢው በብሔር ግጭት ሕይወታቸው ያለፈ አሉ፤ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው የተሰደዱም ብዙ ናቸው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ዛሬ ወላጅ የልጁን ምደባ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትምህርት ክፍሉን አይደለም፤ መንገዱን ነው። ልክ እንደዚያ ምሰሶ ላይ እንዳለው ወረቀት፣ «ምን ይማራል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ፤ «የት ቢሄድ ይሻላል?» ፊት መጣ።

ስለዚህ ሁለቱ ጉዳይ አንድ ነው። ከጋምቤላ መጠለያ የመጣውን ልጅ እንደ ተማሪ ማየት ያቃተው ግቢ፣ ከሌላ ክልል የመጣውንም እንደ ተማሪ ማየት ያቅተዋል። የአገሩን ልጅ «ከየት ነህ?» ብሎ የሚፈራ ግቢም ከናይሮቢ ወይም ከበርሊን ለመጣ እንግዳ አገር ሊሆን አይችልም። እንግዳ መቀበል ለሀብታም ጊዜ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የሚሆንበት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የቆሎ ተማሪን ያበላችው እናት ይህን ያለ በጀት ታውቀው ነበር።

ምን ይደረግ? ሰማይ የሚያህል ነገር አይጠይቅም። ለመጣው ሁሉ፣ ከሱዳንም ይምጣ ከስዊድን፣ አንድ መዝገብና አንድ ስም ይኑር፤ ተማሪ ይባል። በየግቢው እንግዳውን የሚቀበል፣ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥለት አንድ ሰው ይመደብ። የመጀመሪያው ዓመት አማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ ይሰጠው። ከአንድ አገር የመጡትን አንድ ሕንጻ ላይ ከማጨቅ ከሌላው ጋር ይደባለቁ። የተፈረሙት ስምምነቶች ከመሳቢያ ይውጡና በእያንዳንዱ ስንት ሰው ሄደ፣ ስንት ሰው መጣ ተብለው በሕዝብ ፊት ይቆጠሩ። የአካባቢው ነዋሪ ደግሞ ድርሻው አለ። ይሄ ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም።

ዩኒቨርሲቲያችን «ዓለም አቀፍ ሆነ» የሚል ዜና ስትሰሙ ስንት ውል እንደተፈራረመ አትጠይቁ። ከሩቅ የመጣው ልጅ፣ ግቢው ባዶ በሆነበት የፋሲካ ቀን ወይም የዒድ ቀን፣ የማን ቤት ሄዶ እንደበላ ጠይቁ።